በጾም ቀን ጨው የሚቀምስ

በሰው አገር፣ በሰው ቤት የሠራሁትን ሥራ ሁሉ ተናገሪ ብባል፣ መጥረጉን፣ መተኮሱን፣ ልጅ ማጠቡን እናገርና መቅመሱን እረሳዋለሁ። ሥራ አይመስልማ። ማንኪያ አንስቶ በምላስ ጫፍ ነካ ማድረግ ምን ሥራ አለው? ግን ያን ጊዜ ኩዌት፣ በኮሮናው ወራት፣ ከሥራዬ ሁሉ ጉድ ያፈላው እሱ ነው።

ቤቱ ሪቃይ የሚባል ሰፈር ነበር። ሁለት ሐበሾች ነበርን። እሷ የወሎ ሙስሊም፣ እኔ ኦርቶዶክስ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላት ነበር። ምድጃው የእሷ ነው፣ ጽዳቱና ልጆቹ የኔ፤ ደረቷን አስም ሲይዛት ግን እኔ ምድጃው ላይ እቆማለሁ። ረመዳን ሲገባ እሷ ትጾማለች፣ ስለዚህ የምትሠራውን ሁሉ የምቀምስላት እኔ ነኝ። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ እኔ ሥጋም ወተትም አልነካም፣ ስለዚህ ምድጃው ላይ በዋልኩ ቀን እሷ ትቀምስልኛለች። ማንም አልደነገገልንም። ሁለት ሃይማኖት አንድ ወጥ ቤት ሲገባ እንዲያ ሆኖ ይገኛል።

ሼኾቹ ለወጥ ሠሪ ቀምሶ መትፋት ይፈቀዳል ይላሉ አሉ። እሷ ግን በጄ አላለችም። «ከጾምኩ ጾምኩ ነው፤ አላህን በማንኪያ አላታልለውም» ትለኛለች። እኔም ብሆን ሥጋቸውን አልበላም ነበር፤ የእኛና የእነሱ ሥጋ እንደሚለይ አገር ያወቀው ነው። መረቁን በምላሴ ጫፍ ነካ አድርጌ ለጨው ብቻ እለየውና ልብስ ማጠቢያው ላይ ሄጄ ቱ እላለሁ። እሷ ታየኝና በሳቅ ትፈርሳለች።

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ ሰለመ እኮ!»

«ቆይ ሁዳዴ ይምጣ፣ ያንቺን አስጠምቀዋለሁ» እላታለሁ።

በዚያ ቤት የሳቅነው በዚያ ነው፣ በሌላ አይደለም።

በሽታው ሲመጣ አገሩ ተኝቶ አልጠበቀውም፤ እውነቱን መናገር አለብኝ። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ አውሮፕላን ቆመ። መስጊዱ እንኳ «ወደ ስግደት ኑ» በሚለው ፈንታ «በየቤታችሁ ስገዱ» አለ፤ እትዬ ድስት እያማሰለች ይህን ሰማችና ማማሰያውን አስቀምጣ አለቀሰች። ማታ ማታ የሰዓት እላፊው ሳይረን ይጮኻል። ስልካችን በመልእክት ይጥለቀለቃል፦ እጅ ታጠቡ፣ አትሰብሰቡ፣ ትኩሳት ያለው በዚህ ቁጥር ይደውል። እኔ ዐረብኛውን በጆሮ እንጂ በዓይን አላውቀውም፤ እትዬ በልጅነቷ ቁርዓን ስለቀራች ፊደሉን እያነበነበች ታስረዳኛለች። ቁጥሩንም በቃል አስጠናችኝ። «ሰው ነን፣ ምን ይታወቃል» ብላ።

አሠሪያችን ማዳምም ተዘጋጀች። የእሷ ዝግጅት እኔን መርጨት ነበር። ክሎሮክስ፣ በረኪናውን ማለት ነው፣ በውሃ ትበጠብጥና በአበባ ማጠጫው መርጫ ትሞላዋለች። ቆሻሻ ልጥል በር ድረስ ደርሼ ስመለስ «ቁሚ!» ትለኛለች። እቆማለሁ። ከፀጉሬ እስከ ጫማዬ ትረጨኛለች፤ «ዙሪ» ትለኛለች፣ እዞራለሁ። በረሮ እንኳ ሲረጩት ይሮጣል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እቆማለሁ! አንገቴ ላይ ቆዳዬ ተላጠ። እትዬ በሽታው ሳይመጣባት በክሎሮክሱ ሽታ ብቻ ደረቷ እያፏጨ በአፏ የምትስበውን መድኃኒት ትፈልጋለች። ማዳም ይህን አይታ «ጽዳት ከእምነት ነው» አለቻት።

በቤቱ ጎን ደግሞ የራሱ በር ያለው ድዋኒያ አለ። ድዋኒያ የወንዶቹ መቀመጫ ክፍል ነው፤ ሻይ የሚጠጡበት፣ ካርታ የሚጫወቱበት። መሰብሰብ ተከልክሏል ተብሎ አገር ሲታመስ፣ የባባ ጓደኞች (ባባ የምንለው የማዳምን ባል ነው) መኪናቸውን ከጀምዒያው ሱቅ ኋላ ያቆሙና ሳይረኑ ሳይጮህ ተሹለክልከው ይገባሉ። ሲገናኙ እንደ ልማዳቸው አፍንጫ ለአፍንጫ ይነካካሉ። ከገቡ ወዲያ እስኪነጋ መውጣት የለም። ጠዋት የማጸዳው እኔ ነኝ። ምንጣፉ ላይ የተተፋ የሱፍ ፍሬ ልጣጭ፣ የተናፈጡበት እርጥብ ሶፍት፣ ከንፈር የዞረበት ስኒ፣ ትራሱ ሥር የተሸጎጠ የሲጋራ ቁራጭ። ያን ሁሉ በእጄ ለቅሜ ቆሻሻ ወደሚጣልበት በር ወስጄ ስመለስ «ቁሚ!» እባላለሁ። ኧረ ጉድ! የእነሱን ንፍጥ ይዤ ወጥቼ እኔ እረጫለሁ።

አባሲያ የታጠረ ሰሞን ማዳም ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣ ነበር። አባሲያ የውጭ አገር ሰው ተጨናንቆ የሚኖርበት ሰፈር ነው፣ የእኛም ሰው እዚያ ነበር። አጥሩን፣ ፖሊሱን፣ ለዳቦ የተሰለፈውን ሰው ያሳያል። «አልሐምዱሊላህ፣ በሽታውን አጠሩልን» አለች። ከግድግዳው ወዲያ፣ ከድዋኒያው፣ አንድ ሰው ሳንባው እስኪገለበጥ ያስላል። አልሰማችም? ሰምታለች። ጆሮ እንዳላት አውቃለሁ፤ እኔ ወጥ ቤት ስኒ ባጋጭ ከፎቅ ትጮኽብኝ የለ!

በዚያ ዓመት ፋሲካና ረመዳን ተከታትለው መጡ። እኔ ፈሰክሁ፣ እሷ ያዘች፣ የመቅመሱ ተራ ወደ እኔ ዞረ። ከጥቂት ቀን በኋላ ባባ «ጉንፋን ነው» ተብሎ ፎቅ ላይ ተኛ፣ ምግቡን የማደርስለት፣ አንሶላውን የማነሳው እኔ ነበርኩ። ከዚያ እኔም ራሴን አመመኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ። ታመምኩ የማለት ወግ ስለሌለን ዝም ብዬ ሠራሁ።

አንድ ቀን እትዬ ለፍጡር፣ ለጾም መፍቻው ማለት ነው፣ ሀሪስ ሠራች። ሀሪስ ስንዴና ሥጋ ገንፎ እስኪሆን የሚቀቀልበት ምግብ ነው። «ቅመሺልኝ» አለች። ቀመስኩ። አልጫ ሆነብኝ። «ጨው ይቀረዋል» አልኳት። ጨመረች። ቀመስኩ። «አሁንም።» ዓይኗን ፍጥጥ አድርጋ አየችኝ፣ ግን ለቀማሽ መታዘዝ ልማዷ ነውና ጨመረች።

ሠርክ ላይ አዛን አለ። ቴምራቸውን በሉ፣ ሀሪሱን አነሱ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ማዳም ናት የጎረሰችው፤ እዚያው ሳህኑ ላይ ተፋችው። ልጆቹም ተፉ። ባባ ብቻ፣ ከፎቅ ወርዶ የተቀመጠው ባባ፣ ምንም ሳይመስለው ያንን ጨው ይበላል! በላ፣ በላ፣ ደገመ። ማዳም አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። የሱ ነገር እንደገባት ከፊቷ አየሁ። ግን የጮኸችው እኔ ላይ ነው። ሆን ብዬ ነው፣ ክርስቲያን ስለሆንኩ የጾመኞችን ማዕድ ማበላሸቴ ነው፣ ምናልባትም ድግምት ነው። እነሱ ሲሕር ይሉታል። ወጥ ሲያርር ሲሕር፣ ልጅ ሲያለቅስ ሲሕር፣ ሁሉም ከሐበሻ ሻንጣ የሚወጣ ነው።

ወጥ ቤት ተመልሰን እትዬ በሩን ዘጋች። ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቃ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ።

«ሸተተሽ?»

«አይ።»

የክሎሮክሱን ጠርሙስ ከፍታ ያዘችልኝ። ያ ከስንት ሳምንት ጀምሮ እንቅልፌ ውስጥ የሚሸተኝ ክሎሮክስ ውሃ ሆነብኝ።

«ይኸው ይዞሻል» አለች። «አብሽሪ። ሄደሽ ንገሪያት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

ነገርኳት። ማዳም ወደ ኋላዋ ዘልላ ሻርፗን በአፍንጫዋ ላይ ሳበች። «ቁጥሩ ላይ እንደውልና ይመርምሩኝ፣ ካስፈለገም ይውሰዱኝ» አልኳት። እምቢ! ለምን ቢባል፣ መርማሪዎቹ ከመጡ ማን ይገባል፣ ማን ይወጣል ብለው ይጠይቃሉ፤ ድዋኒያው ይወጣል፣ ሰፈሩ ይሰማል፣ ባባ ይዋረዳል። ይህን በአፏ አላለችውም፤ ከባባ ጋር በሩን ሳይዘጉ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ፍርዱ ጣራ ላይ ባለችው ክፍል ውስጥ እንድታገድ ሆነ። አንድ ፍራሽ፣ አንድ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፣ አንድ መስኮት። ጥሩ። ብቻዬን ቢሆን ግድ የለኝም ነበር። ግን እትዬንም አብረሽ ውጪ አሏት፤ አብራኝ ስለምትተኛ እሷም ቆሽሻለች!

እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ማዳም፣ እሷ ጤነኛ ናት፣ አስም አለባት፣ ከያዛት አትተርፍም፣ ለብቻዋ አስተኟት።» የእንግዳ ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ሰፊ አልጋ፣ የራሱ መታጠቢያ፣ እኔ በየቀኑ አቧራ የማራግፍበት፣ ሰው የማያድርበት። «እሱ የእንግዳ ነው» አለችኝ። እንግዳ የት አለ? አገር ተዘግቶ ሰማይ ተዘግቶ ከየት ይመጣል?

ደግሞ በዚህ አላበቃም። ወጥ ማን ይሥራ? እትዬ ቀን ቀን ጓንትና ማስክ አድርጋ ወርዳ እንድትሠራ፣ ማታ ከእኔ ከበሽተኛዋ ጋር እንድትተኛ ተወሰነ። «እሳት ይገድለዋል» አለች ማዳም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው። የሚፈሩትን በሽታ ከጣራ ላይ አብረው አስተኝተውት፣ ጠዋት ጠርተው ወጥ ያሠሩታል፣ ደግሞ ይበሉታል። ሆዳቸው ከፍርሃታቸው በለጠ።

እኔን በሽታው ለቀቀኝ። ጣዕሙ አልተመለሰልኝም እንጂ ተነሳሁ፤ ማዳም ግን ከጣራው አትውረጂ አለችኝ። እትዬን ያዛት። መጀመሪያ ሳል፣ ከዚያ ያ ደረቷ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አድርጋ ትተነፍሳለች። በአፏ የምትስበው መድኃኒት ሊያልቅ ሲል ከደረጃው ላይ ሆኜ ማዳምን ጠየቅሁ፣ «ነገ» አለች፤ በነጋታውም «ነገ» አለች። «ጾሙን ፍቺ፣ ለታመመ ተፈቅዷል» እላታለሁ። «አልታመምኩም፣ ደክሞኝ ነው» ትላለች። ግድግዳውን እየታከከች ደረጃውን ወርዳ ወጥ ትሠራለች፣ እየተንፏቀቀች ትመለሳለች። ለማን ብላ? እኔ እንጃ። ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በእነሱ እጅ ነው፣ አገር ቤት ሴት ልጇ ትማራለች፣ ሌላ ምን ይባላል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሀሪሱን ጥዳ ወጣች። ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፣ መተኛትም አቃታት። ከንፈሯ ጠቆረ። ከዚያ «ውሃ ስጪኝ» አለችኝ።

ፀሐይ ገና አልገባችም። አዛን አልተባለም። ያቺ በጾሟ ማንኪያ ምላሷን አስነክታ የማታውቅ ሴት በቀን ብርሃን ውሃ ስትለምነኝ፣ እንደምትሞት ያኔ ገባኝ። አጠጣኋት። ግማሹ በአገጯ ፈሰሰ።

ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ፤ እግሬ ወደ ሳሎን ከገባ ስንት ጊዜው ነው። ማዕድ እየደረደሩ ነበር። «አምቡላንስ ጥሩ፣ ልትሞት ነው!» አልኩ። ማዳም ሳህን ይዛ «ውጪ! ልጆቹን ትጨርሻቸዋለሽ!» አለች። ባባ ሰዓቱን አየ። «ከፍጡር በኋላ እናየዋለን» አለ። ከፍጡር በኋላ! ሰው ትንፋሽ አጥቶ የሾርባ ሰዓት ይጠበቃል!

ጣራ ላይ ተመልሼ ራሴ ደወልኩ፣ እትዬ ባስጠናችኝ ቁጥር። ወዲያው ተነሳ፤ የአገሩ መንግሥት ያዘጋጀው ስልክ ነው፣ ይሠራል። ሰውዬው ትሁት ነው። «የት ነሽ?» አለኝ። ሪቃይ አልኩት። «ብሎኩ ስንት ነው? መንገዱ? የቤቱ ቁጥር?»

አላውቀውም። ያን ያህል ዓመት ኖሬበት የቤቱን ቁጥር አላውቀውም! ብቻዬን ከበሩ ወጥቼ ግንቡን ዞሬ አይቼው አላውቅማ። እትዬን አየኋት፣ መናገር አትችልም፣ በእጇ ወደ ታች ወደ መንገዱ ታመለክተኛለች። ታርጋው ከውጭ ግንቡ ላይ ነው፣ በሩ ተቆልፏል። ስልኩን እንደያዝኩ በጣራው አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ጮህኩ። የጎረቤት ዘበኛ፣ አንድ ሽማግሌ ሰው፣ ደጁ ላይ ቆሞ ነበር። «ቁጥሩን አንብብልኝ! የቤቱን ቁጥር!» በዐረብኛም በአማርኛም ጮህኩ መሰለኝ። እየሮጠ መጣ፣ አነበበ፣ እሱ ወደ ላይ እየጮኸ፣ እኔ ወደ ስልኩ እየደገምኩ ነገርኳቸው። በሽታን ለመከላከል ያን ሁሉ ያሰበ አገር፣ የምትደውለዋ ሴት የምትኖርበትን ላታውቅ ትችላለች ብሎ አላሰበም።

መጡ። ነጭ የለበሱ ሰዎች፣ ዓይናቸው ብቻ የሚታይ። ማዳም በር ላይ ወጥታ «በሽተኛ የለንም፣ ተሳስታችኋል» ስትላቸው ከላይ ሰማኋት። በጆሮዬ! ከጣራው ላይ እሪ አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና ገቡ።

በወንበር አስቀምጠው ሲያወርዷት በኦክስጅን ጭምብሉ ውስጥ አፏ ይንቀሳቀሳል። ጠጋ አልኩ። «ሀሪሱ ... ጨው አልነካሁትም። አንቺ ቅመሺው» አለችኝ። እሺ አልኳት። ምላሴ ምንም እንደማይለይ ታውቃለች እኮ።

ከመካከላቸው አንዱ፣ ከየት እንደያዛት፣ ቤቱ ማን እንደሚመላለስበት ጠየቀ። ማዳም ናት የመለሰችው። «ከአባሲያ ነው ያመጡብን፣ እነሱ እኮ ዘመዶቻቸው እዚያ ናቸው» አለች። ከሰዓት እላፊው ወዲህ ከበር አልፈን አናውቅም። እኔን የጠየቀኝ የለም። በኋላ ሁላችንንም አፍንጫችን ውስጥ እንጨት ከተው መረመሩን፤ ሁሉም ቤተሰብ ተይዞ ተገኘ፣ ሁሉም ዳነ።

እሷ አልተመለሰችም። ባባ ስልክ መጣለት፣ እኔ መስኮት እወለውላለሁ። ማዳም ወጥታ «ያቺ ሞተች» አለችኝና አለቀሰች። ሐሰት አልናገርም፣ እንባዋ ወረደ። እንባዋ ከክሎሮክሷ ይልቅ አንገሸገሸኝ። ከዚያ ሄዳ ፍራሹን አስጣለችኝ፣ ክፍሉን ረጨችው።

አገር ቤት ለልጇ የነገርኳት እኔ ነኝ። ጮኸች፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ማን አጠባት?» አላወቅሁም። በነጭ ልብስ ውስጥ ያሉ ሰዎች ይሆናሉ አልኳት። የተቀበረችበትን ሳላይ፣ አንድ ጭብጥ አፈር ሳልጥልላት ቀረሁ።

በዓመቱ ሁዳዴ መጣ። ያኔ ወጥ ቤቱ የኔ ብቻ ሆኗል። ድዋኒያው እንደ ድሮው ሞልቷል። አንድ ቀን የማዳም እህቶች መጡና ማችቡስ፣ ያን ሩዝና ሥጋ፣ ሠራሁ። ምላሴ ከታመመበት ድኖ ነበር፣ ግን ጾም ነው። ማንኪያዬን አንስቼ ዞር አልኩ፣ እንደ ልማዴ፣ የማቀብላት ሰው ያለች መስሎኝ። ከዚያ ማንኪያውን አስቀመጥኩና በግምት ጨው በተን አድርጌ አወጣሁላቸው።

ትሪውን ሳስቀምጥ የኮሮናን ወሬ ይዘዋል። የዚያኛው ቤት አባት ሞተ፣ የዚህኛው አጎት። ማዳም እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አልሐምዱሊላህ፣ ከእኛ ቤት አንድ ሰው አልጎደለም» አለች።

እኔ እዚያው ነኝ። ትሪው ከእጄ ገና አልለቀቀም።

አንዷ እህት ጎረሰችና «ጨው የለውም እኮ» አለች። ማዳም ወደ እኔ ዞረች። «አልቀመስሽውም እንዴ?»

«የምትቀምስልኝ ሰው ሞታለች፣ ማዳም» አልኳት፣ ሁሉም እንዲሰሙ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «እዚህ ቤት፣ ጣራው ላይ ታማ።»

ሴቶቹ መጉረሳቸውን አቆሙ። «ማንን ነው የምትለው?» አለች አንዷ።

ማዳም ሳህኗን እያየች ሩዙን በማንኪያዋ ገለባበጠችው።

«ጨው አምጪ» አለችኝ።